ከጡብ ፋብሪካው እስከ ፍርግርጉ

የማዘጋጃ ቤቱ ካርታ ላይ ውሃችን የለም። ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ትልቁን ካርታ ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ። መንገዱ አለ፣ ድልድዩ አለ፣ የጡብ ፋብሪካው አለ፣ ውሃው የለም። ድልድዩ ታዲያ ምን ለመሻገር ተሠራ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም መሰለኝ። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ እጄ ላይ ከማይጠፋው ነገር የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ "መቀስ" ይለኛል። ሱቄ ድልድዩ ጥግ ላይ ስለሆነ ወደ ላይ የሚወጣውም ወደ ታች የሚወርደውም በመስኮቴ ፊት ያልፋል። የውሃውን ነገር ከካርታው ከምትሰሙ ከእኔ ብትሰሙ ይሻላል።

ውሃው የሚነሳው ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ነው። አባቴ ይለኝ እንደነበረው ቦታው ድሮ ረግረግ ነበር፤ ከብት ይሰምጥበታል ተብሎ ይፈራ ነበር። ፋብሪካው መጥቶ ለጡቡ የሚሆን አፈር ሲቆፍር፣ ሲቆፍር፣ አንድ ቀን ምንጭ ነካ። ጉድጓዱ ሞላ፣ ሞልቶ ፈሰሰ፣ እኛም ባለ ውሃ ሆንን። ከጉድጓዱ ወጥቶ በረድፍ ቤቶቹ ጓሮ በኩል ይወርዳል። እዚያ ላይ ጠባብ ስለሆነ ልጅ ይዘለዋል፤ አዋቂም ሰው ካላየው ይዘለዋል። ቀጥሎ የጠጠር ሜዳው ይመጣል። ድሮ ድንጋይ መፍጫ የነበረበት ነው፤ መፍጫው ሲዘጋ ጠጠሩን ላንሳ ያለ የለም። ክረምት ላይ ውሃው በጠጠሩ ላይ እየተንደረደረ ይወርዳል። በጋ ሲገባ ግን ጠጠሩ ውስጥ ይሰርግና ይጠፋል። ያኔ ድልድዬ ባዶ መጋዘን እንደሚጠብቅ ዘበኛ ደረቅ ጠጠር ላይ ተገትሮ ይውላል። ከድልድዩ በታች ካለው የድንጋይ ግንብ ሥር ሲደርስ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ውሃው እንደገና ብቅ ይላል። ከዚያ የእትዬ ወንፊትን ግቢ ታክኮ፣ በብረት ፍርግርግ አልፎ፣ ከዋናው መንገድ ሥር ወደተቀበረው ቧንቧ ይገባል። ከቧንቧው ማዶ ትልቁ ወንዝ ነው፤ እዚያ ከገባ በኋላ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

ፍርግርጉ የራሱ ታሪክ አለው። መንገዱ ተሠርቶ ቧንቧው በተቀበረበት በመጀመሪያው ክረምት፣ ቧንቧው በቅርንጫፍና በጭቃ ታፈነና ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ሰፈሩን አጥለቀለቀው። የቀድሞውን የእንጨት ድልድይ ይዞት ሄደ፣ የአባቴንም ወንበር እግረ መንገዱን። ማዘጋጃ ቤቱ ደንግጦ የቧንቧው አፍ ላይ የብረት ፍርግርግ ተከለ፤ የሚጠብቀውም ሰው ቀጠረ። ያ ሰው የእትዬ ወንፊት ባል ነበር። ጫፉ በተቆለመመ ረጅም ብረት ፍርግርጉ ላይ የተለጠፈውን ሁሉ ሲጎትት ይውላል። ቆሻሻውን ይጥላል። የሰው ዕቃ ሲያገኝ ግን አጥቦ በግቢው የሽቦ አጥር ላይ ይሰቅለዋል። ጫማ፣ ባልዲ፣ የልጅ ኳስ፣ ከገመድ ላይ ነፋስ የወሰደው ሸሚዝ፣ ሁሉም እዚያ አጥር ላይ ባለቤቱን ይጠብቃል።

አጥሩ ሕግ ነበረው። ዕቃው የኔ ነው የሚል ሰው ራሱ ይመጣል፤ ሰው መላክ የለም። የት እንደወደቀበት ይናገራል። ከዚያ ደግሞ እርጥብ ዕቃ አይሰጠውም። ልብስ እርጥቡን ተጠቅልሎ ከሄደ ይሸታል ይል ነበር ሰውዬው፣ አንዴ ያጠበውን ነገር ዳግም ሲበላሽ ማየት ስለማይወድ። ስለዚህ ባለቤቱ ዕቃው እስኪደርቅ ጣራው ክፈፍ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ሻይ ይቀርብለታል። ሰውዬው ሲሞት ማዘጋጃ ቤቱ ሌላ ሰው አልቀጠረም። ሚስቱ ብረቱን አንስተው ቀጠሉ። ቀጥሉ ያላቸው የለም፣ ተዉትም ያላቸው የለም። ወንፊት የሚለው ስም የወጣላቸው ያኔ ነው፤ ሰፈሩ የሚጥለው ሁሉ እሳቸው ጋ ስለሚጣራ። ስማቸው ወንፊት ይሁን እንጂ ምስጢር አያፈሱም። አንድ ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ሩቅ ከተማ ተድራ የምትኖር። ከእሷ ሌላ ደጃቸውን የሚረግጠው ዕቃ የጠፋበት ሰው ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ጋሽ ደቂቃ ልምጣ። ጋሽ ደቂቃ ሰዓት ሠሪ ናቸው። መሀል ከተማ ትንሽ ሱቅ ነበራቸው፤ ሰው ሰዓቱን በስልኩ ማየት ሲጀምር ዘጉት። ሚስታቸው ስታርፍ ትልቁን ቤት ትተው ከረድፍ ቤቶቹ የመጨረሻዋን ተከራዩ። ሰላምታ ስትሰጧቸው መጀመሪያ እጃቸው ላይ ያለውን ሰዓት አይተው ነው "እንደምን አረፈድክ" ወይም "እንደምን ዋልክ" የሚሉት፤ እንዳይሳሳቱ። ክፉ የሚባል ነገር የላቸውም። አንድ ችግር ግን አለባቸው፦ ያለ ጉዳይ ሰው ቤት መሄድ ሌብነት ይመስላቸዋል። ጎረቤት ሲታመም ይጠይቃሉ፣ ሲሞት ይቀብራሉ። ጎረቤት ደህና ከሆነ ግን ምን ብዬ ልሂድ ነው የሚሉት። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን ሲቀር በደንብ አድርጎ ነው ብቻውን የሚቀረው።

የመጀመሪያው ባልዲ በእውነት ነው የወደቀባቸው። ክረምት ነበር፤ ጓሮ ልብስ ሲያጥቡ ባልዲው አመለጣቸው። በሱቄ በኩል እየተጣደፉ ወደ ታች ሲወርዱ አየሁና "ወዴት ነው ጋሼ፣ ባቡር ሊያመልጥዎት ነው?" አልኳቸው። ሲመለሱ ባልዲውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ፊታቸው ግን ሙሽራ የሸኘ ሰው ፊት ይመስል ነበር። "ጥሩ ሻይ ያፈላሉ" አሉኝ ሳልጠይቃቸው።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ጠፋባቸው። ከዚያ ሌላኛው እግር። ከዚያ የእንጨት ጭልፋ፣ ከዚያ የጀሪካን ክዳን። ሰው በአንድ ክረምት ይህን ሁሉ እንዴት ይጥላል ብዬ በሆዴ ሳቅሁ እንጂ አፌን አልከፈትኩም። ጭልፋና ክዳን ቶሎ እንደሚደርቅ ሲገባቸው ደግሞ ዘዴ ለወጡ። ወፍራም የሱፍ ሹራባቸው ወደቀ። በክረምት የሱፍ ሹራብ ከምሳ ሰዓት እስከ ማምሻ ቢሰቀልም አይደርቅም። ያን ቀን ሲመለሱ እኔ ሱቄን እየዘጋሁ ነበር።

አንድ ጊዜ የእኔ ነጭ ሽርጥ ነፋስ ወስዶት ልፈልግ ወረድኩ። ሁለቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ በመሀላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተዋል። እትዬ ወንፊት ብረታቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመዋል፤ ጋሽ ደቂቃ የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጅ ይዘዋል። ብዙ አያወሩም። ውሃውን ያያሉ። "ዛሬ ከላይ ጠርቷል" ይላሉ አንዳቸው፤ "ጠርቷል" ይላሉ ሌላኛዋ። ያች ቦታ ለእኔ ተተወች ብዬ መሀላቸው ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ሁለቱም ደስ አላላቸውም። ሽርጤ እስኪደርቅ የቆየሁት በግድ ነው።

ከዚያ በጋ መጣ። ውሃው ጠጠሩ ውስጥ ገባ። ከላይ የሚጣል ነገር ጠጠሩ ላይ ይቀራል እንጂ ፍርግርጉ ጋ አይደርስም። ጋሽ ደቂቃ በየቀኑ እስከ ድልድዩ ድረስ ይመጣሉ፣ ክንዳቸውን የድልድዩ መደገፊያ ላይ አስደግፈው ጠጠሩን ያያሉ፣ ይመለሳሉ። አንዳንዴ "ዝናቡ ዘንድሮ ዘገየ አይደል?" ይሉኛል። "ምን ዘርተው ነው ጋሼ?" እላቸዋለሁ። አይስቁም። ፊታቸው ከሳ። ፀጉራቸውን ስቆርጥ አንገታቸው እንደቀጠነ አየሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ላይ ብዙ ቆሙና ወደ ታች ወረዱ። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ጭንቅላታቸው ላይ ግራጫ ባርኔጣ ነበር። ሳየው እጄ ላይ ያለው ምላጭ ቆመ። ያ ባርኔጣ ባለቤቱ ሊቆረጥ በመጣ ቁጥር እዚህ ሱቅ ውስጥ በር አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ስንት ዓመት ተሰቅሏል! በግራ በኩል ያለውን የላብ ምልክት አውቀዋለሁ፣ ጥቁሩ ጥብጣብ የት ላይ እንደተላቀቀ አውቀዋለሁ። ደንበኛዬን በአረፋ እንደተለቀለቀ ትቼው ወጣሁ።

"ጋሼ፣ ይህን ባርኔጣ ከየት አመጡት?"

"የኔ ነው" አሉ። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አልነበረም።

"የእርስዎ አይደለም።"

"አጥሩ ላይ ነበር። የእኔ ነው አልኩ፣ ሰጡኝ።"

"የት ወደቀብኝ አሏቸው?"

"ጓሮዬ። ትናንት።"

"ትናንት? በዚህ በጋ?" አልኩና ወደ ጠጠሩ ጠቆምኳቸው። "በየት በኩል ሄደ? ባርኔጣ መሬት ለመሬት ይሄዳል እንዴ?"

ጠጠሩን አዩት። የተናገሩት ነገር ምን እንደሆነ አሁን ነው የገባቸው። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ምላሴ ግን ከጀመረ አያቆምም። "እሱ እኮ የባላቸው ባርኔጣ ነው" አልኳቸው። "በየበጋው ብል እንዳይበላው ፀሐይ ላይ ያወጡታል። እንዴት ያለ ጉድ ነው የሠሩት?"

ባርኔጣውን ቀስ ብለው አወለቁት። ውስጡን አዩት፣ ልክ ሰዓት ከፍተው እንደሚያዩት። እዚያው ድልድዩ ላይ ቆመው የሆነውን ነገሩኝ። ምንም ሳይጠፋባቸው ነው የወረዱት። ደጅ ሲደርሱ እትዬ ወንፊት እንደ ልማዳቸው "ዛሬስ ምን ጠፋብዎት?" አሏቸው። ጋሽ ደቂቃ ምን እንደሚሉ አላሰቡበትም ነበር። አጥሩን አዩ፤ ያለው ባርኔጣ ብቻ ነው። "ባርኔጣ" አሉ። እትዬ ወንፊት የት እንደወደቀ ጠየቁ፣ መልሱን ሰሙ። ከዚያ ባርኔጣውን ከአጥሩ አወረዱ፣ በመዳፋቸው አቧራውን መታ መታ አደረጉና "ደረቅ ነው፣ ይውሰዱት" አሏቸው። ደረቅ ዕቃ ይዞ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ሰው የለም። ይዘው ወጡ።

"እንደዋሸሁ ካወቁ ታዲያ ለምን ሰጡኝ?" አሉኝ።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ይሂዱና ይጠይቋቸው።"

"ምን ብዬ?"

ባርኔጣውን ብብታቸው ሥር ደብቀው ወደ ቤታቸው ወጡ። ወደ ሱቄ ስመለስ አረፋው ደንበኛዬ ፊት ላይ ደርቆ ነበር፤ እሱም ሰደበኝ፣ ይገባኛል።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ደቂቃ ወደ ድልድዩ መምጣት ተዉ። እኔ ደግሞ ነገሩን የቆሰቆስኩት እኔ ስለሆንኩ አላስቀምጥ አለኝና ልጠይቃቸው ወጣሁ። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት። መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት፣ ዓይን ላይ የሚደረግ ጥቁር ማጉያ፣ በክብሪት ቀፎ የተከፋፈሉ የሰዓት ጥርሶችና ብሎኖች። ግድግዳው ላይ የሰው ሰዓቶች ይመታሉ፤ ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸው የቀሩ። ባርኔጣው ጠረጴዛው መሀል ነበር። ላቡን አጽድተውታል፤ የተላቀቀውን ጥብጣብ ስፌቱ በማይታይ ክር ሰፍተውታል። ያን ያህል የተዋበ ባርኔጣ አይቼ አላውቅም።

"ማሽን መጥቷል" አልኳቸው። እውነት ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ በመጨረሻ ውሃው እንዳለ ትዝ ብሎት ኖሮ፣ ሊሸፍነው ወስኗል። ከታች ጀምረው ወደ ላይ በሰፊ የኮንክሪት ቱቦ ሊያስገቡት ነው። የእትዬ ወንፊት ግቢ መስመሩ ላይ ስለወደቀ ይፈርሳል። ልጃቸው መኪና ይዛ ልትወስዳቸው ነው።

"መቼ?"

"ዝናቡ ሳይበረታ ነው የሚሉት። ጋሼ፣ ይሂዱና ባርኔጣውን ይመልሱ።"

"ገብቼ ምን እላለሁ?"

"'ይቅርታ፣ ዋሸሁ' ይበሉ።"

"'ለምን ዋሹ?' ቢሉኝስ?"

"'ሰው ናፍቆኝ ነው' ይበሏቸዋ!"

ጋሽ ደቂቃ ያን ቃል ስናገረው እንኳን አፈሩ። ማጉያውን አንስተው ዓይናቸው ላይ አደረጉ፤ የሚሠሩት ሰዓት ግን ፊታቸው አልነበረም። ተናድጄ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ሰው ላይ መናደድ አይጠቅምም፣ አውቃለሁ፤ ግን ተናደድኩ።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ጠዋት ላይ ጣለ። ጠጠሩ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ ጠፋ። ውሃው ቡናማ ሆኖ በድልድዩ ሥር መጮህ ጀመረ። ደንበኛ ስላልነበረኝ በር ላይ ቆሜ አያለሁ። ከታች በኩል አንዲት ሴት ጥቁር ጃንጥላ ይዘው ሲመጡ አየሁ። እትዬ ወንፊት ነበሩ። ከድልድዩ በላይ ሲወጡ አይቻቸው አላውቅም፤ ፍርግርጉን ጥለው የት ይሄዳሉ?

"አንተ መቀስ" አሉኝ፤ "የሰዓት ሠሪው ቤት የትኛው ነው?"

"ላሳይዎት" አልኩና ሱቄን ሳልዘጋ ተከተልኳቸው። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ከሁለቱ አንዳቸው ደፈሩ ማለት ነው አልኩ።

ድልድዩ መሀል ስንደርስ እንደ ልማዳቸው ወደ ታች አዩ። ያ ሁሉ ዓመት ውሃ ያየ ሰው ሳያይ አያልፍም። አፉ በገመድ ጥርቅም ተደርጎ የታሰረ፣ አየር የተሞላ ነጭ ፌስታል እየተንሳፈፈ መጣ፣ በእግራችን ሥር አለፈ፣ ወደ ታች ሄደ። ውስጡ የሆነ ክብ ነገር አለ።

"ይህ ደግሞ የማን ይሆን?" አሉ እትዬ ወንፊት። ቆም ብለው እስኪሰወር አዩት። "ዛሬ የሚይዘውም የለ። ፍርግርጉን ትናንት ነቀሉት።"

ጋሽ ደቂቃ በሩን ሲከፍቱ እጃቸው እስከ ክንዳቸው እርጥብ ነበር፤ ጉልበታቸው ላይ የጓሮ ጭቃ አለ። እትዬ ወንፊትን ሲያዩ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። ሰዓታቸውንም አላዩም፣ እንደምን አረፈዱም አላሉም። እትዬ ወንፊት ጃንጥላቸውን አጠፉና ደጃፉ ላይ ቆመው ፊት ለፊት አዩዋቸው።

"ባርኔጣውን ልወስድ ነው የመጣሁት" አሉ።

"ላክሁልዎት" አሉ ጋሽ ደቂቃ።

"በማን?"

"በውሃው። አሁን። እንዳይርስ አድርጌ አሸግኩት። ፍርግርጉ ላይ ያገኙታል ብዬ።" ጉልበታቸው ላይ ያለውን ጭቃ ጠራረጉ። "ፊትዎን ማየት አፍሬ ነው።"

እኔ ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ልሮጥ ዘወር አልኩ፤ ቧንቧው አፍ ላይ እደርስበት ይሆናል ብዬ። እትዬ ወንፊት እጅጌዬን ያዙኝ። "ተወው" አሉኝ፤ "እስካሁን ትልቁ ወንዝ ገብቷል።" እንባ አልነበረባቸውም። ግድግዳው ላይ ያሉትን ሰዓቶች አዩ፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ሁሉም አንድ ላይ ይመታሉ።

"እንደዋሹ አውቄ ነው የሰጠሁዎት" አሉ ቀስ ብለው። "ደረቅ ነበር። እንዲቀመጡ ማድረጊያ አጣሁ። ከሰጠሁዎት አንድ ቀን ነገሩን ሰምተው ሊመልሱልኝ ይመጣሉ፣ ያኔ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ ብዬ ነው። በየቀኑ ውሃ ጥጄ ጠበቅሁዎት።"

ጋሽ ደቂቃ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ። "እኔ ደግሞ ምን ብዬ ልግባ እያልኩ" አሉ።

"ምንም ሳይሉ ነበራ መግባት።"

እትዬ ወንፊት የረጠበ ካፖርታቸውን አውልቀው ወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀሉት። ጋሽ ደቂቃ ተነስተው ሻይ አፈሉ። ቤታቸው ውስጥ ያለው ብርጭቆ አንድ ነበር። ለእትዬ ወንፊት ቀዱላቸው፣ ራሳቸው ባዶ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲጠጡ አዩዋቸው። እኔ በሩ ጋ ቆሜ ዝናቡን እንደሚያይ ሰው ሆንኩ። ከጀርባዬ እትዬ ወንፊት "ጥብጣቡን ሰፉት?" ሲሉ ሰማሁ። "ሰፋሁት" አሉ ጋሽ ደቂቃ። "ባሌ ራሱ ሲሰፋው ጠማማ ያደርገው ነበር" አሉ እትዬ ወንፊት፣ ትንሽም ሳቁ።

ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ልጃቸው ነበረች። እትዬ ወንፊት ተነስተው ካፖርታቸውን ለበሱ።

"ገና አልደረቀም እኮ" አሉ ጋሽ ደቂቃ።

"አውቃለሁ" አሏቸው።

እስከ ድልድዩ ሸኘናቸው። ጋሽ ደቂቃ ጃንጥላ ስላልነበራቸው እየዘነበባቸው ሄዱ። ልጅቱ የት ከተማ፣ የት ሰፈር እንደምትኖር ሊጠይቁ አፋቸውን ሲያሞጠሙጡ አየሁ፤ መኪናዋ ከነዕቃው ተነስታ ጥግ እስክትዞር ግን ጥያቄው ከአፋቸው አልወጣም። እኔ ልጠይቅላቸው እችል ነበር። የእሳቸው ጉዳይ ነው ብዬ ተውኩት፤ እስከዛሬ ያበሳጨኛል።

ውሃው አሁን ከኮንክሪት በታች ነው። በላዩ የእግረኛ መንገድ አለ፤ ጠጠሩን አንስተውታል፣ ድልድዩንም አፍርሰውታል። ሱቄ ብቻ "ድልድዩ ጥግ" ተብላ ቀርታለች፤ አዲስ ሰው የቱ ድልድይ ይላል። አጥሩ የነበረበት ቦታ መኪና ያቆሙበታል። ዕቃ የጠፋበት ሰው አሁን ሌላ ይገዛል።

ባለፈው ሳምንት ሥራ ፈትቼ ወለሉን ስጠርግ በሩ ተከፈተ። ጋሽ ደቂቃ ነበሩ። ፀጉራቸውን የቆረጥኩላቸው በቅርቡ ነው፤ ጺማቸውም ተላጭቷል። እጃቸው ላይ ምንም የለም።

"ጋሼ፣ ፀጉርዎ እኮ ገና ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ።"

"ምን ፈልገው ነው ታዲያ?"

በሩን እንደያዙ ቆሙ። ጆሯቸው ቀላ። መልሰው ሊወጡ ነው ብዬ ስጠብቅ ገቡና በሩን ከኋላቸው ዘጉት።

"ምንም" አሉ። "ቤት ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ ከበደኝ።"

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ወንበሩ ላይ ያለውን ፀጉር በሽርጤ አራገፍኩላቸው። ተቀመጡ።